አሳታሚ፦ ደራሲው

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ አራት ኪሎ ቡና የምጠጣበት ቤት ድረስ ፈልጎኝ መጣ። ብብቱ ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ረቂቅ ይዟል፤ ሦስት ዓመት የደከመበት ልብ ወለድ ነው። ተቀመጠ፣ ቡና አዘዝኩለት፣ ገና ስኳሩን ሳያማስል፣ «ጋሼ፣ አሳታሚ የሚገኘው የት ነው?» አለኝ።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ከሰማሁ ቆይቻለሁ። ልጁን አየት አደረግኩት። ጤነኛ ነው።

ከቦርሳዬ የራሴን መጽሐፍ አወጣሁ። (የአገራችን ደራሲ መጽሐፉን ሳይዝ ከቤቱ አይወጣም፤ ማን ያውቃል፣ ገዥ ቢገኝ።) ከርዕሱ ጀርባ ያለውን ገጽ ገልጬ በጣቴ አሳየሁት። «አሳታሚ፦ ደራሲው» ይላል። «ይኸውልህ አሳታሚው» አልኩት፤ «ቤትህ ግባና መስታወት ፊት ቁም፤ እዚያው ታገኘዋለህ።»

ልጁ አልሳቀም። ለካ ስለ ፈረንጆች አንብቦ ኖሯል የመጣው። ለንደንና ኒውዮርክ ውስጥ የደራሲ ወኪል የሚባል ሰው እንዳለ፣ ደራሲ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጽፎ ጥቂት ምዕራፎች እንደሚልክለት፣ ወኪሉ ከወደደው ለአሳታሚ እንደሚያሻሽጥለት ነገረኝ። አውቃለሁ አልኩት። ዐፄ ዮሐንስ ጉንደት ላይ ከግብፅ ጦር ጋር በተፋለሙበት ዘመን፣ በእነሱ አቆጣጠር 1875 ገደማ፣ ኤ. ፒ. ዋት የሚባል ስኮትላንዳዊ ለንደን ላይ የጀመረው ሥራ ነው። ደራሲው ካገኘው ላይ ከመቶ 10 ይወስድ ነበር፤ ደራሲው ካላገኘ እሱም ጦሙን ያድራል። ዛሬ ከመቶ 15 ገብቷል፤ ለውጭ አገር ሽያጭ 20 ይሆናል። ከዚያ አሳታሚው ተነሥቶ ለደራሲው ገንዘብ ይከፍላል። ደራሲው ለአሳታሚው አላልኩም፤ አሳታሚው ለደራሲው! መጽሐፉ ገና ወረቀት ሳይነካ!

እንግዲህ ሥልጣኔ ይሉታል። የማን ልጅ እንደሆነ ሳያጣሩ፣ ዋስ ሳይጠሩ፣ በጻፈው ብቻ አምነው ገንዘብ መስጠት! ጭካኔያቸው ደግሞ የባሰ ነው፤ ያልወደዱትን ረቂቅ «አይሆነንም» ብለው በደብዳቤ ይመልሳሉ። የሰው ፊት አያፍሩም? እኛ ጋ እንዲህ ያለ ነውር የለም። ረቂቅ ይዞ ሄዶ «አይሆንም» የተባለ ኢትዮጵያዊ ደራሲ አላውቅም። እኛ ጋ የሚባለው «ደውልልኝ» ነው። እኔ ራሴ አንድ ቦታ ሁለት ዓመት ደውያለሁ። እስከ ዛሬ እምቢ አላሉኝም።

በዚያ ላይ ወኪሉ አማርኛ አያነብም። የማዛ መንግሥቴ «ዘ ሻዶው ኪንግ» በእነሱ አቆጣጠር በ2020 ለቡከር ሽልማት የመጨረሻዎቹ ዕጩዎች ውስጥ ገብቶ አገር ሁሉ ደስ ብሎናል፤ የዳኛቸው ወርቁንም «ዘ ሰርቲንዝ ሰን» ሄይነማን በእነሱው 1973 አሳትሞለታል። ሁለቱም የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ የጻፈ ሰው ወኪል ቢፈልግ መጀመሪያ ቋንቋውን መተው አለበት። አማርኛ ባለማንበብ ደግሞ የውጮቹን ብቻ መውቀስ ግፍ ነው፤ የእኛዎቹም አያነቡም።

ማስረጃ አለኝ። በወጣትነቴ «አሳታሚ» የሚል ሰሌዳ አይቼ አንድ ቢሮ ገብቻለሁ። ሰውየው ረቂቄን ተቀበለና በመዳፉ ከፍ ዝቅ አድርጎ መዘነው።

«ስንት ገጽ ይወጣዋል?»

«ሦስት መቶ አርባ።»

«በዛ። ወረቀት ተወዷል። ሁለት መቶ ሃምሳ አድርገው።»

«የትኛውን ላውጣ?»

«ከመሐል።»

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሒስ ተሠንዝሮብኛል፤ እንደዚያ ያጠረና የቆረጠ ግን አልገጠመኝም። አሠራሩንም አስረዳኝ። ገንዘቡን እኔ አመጣለሁ። ማተሚያ ቤቱን እኔ አናግራለሁ። የፊደል ለቀማውን እኔ አስለቅማለሁ፣ ሽፋኑን እኔ አሠራለሁ፣ የታተመውን በኮንትራት ታክሲ እኔ ጭኜ አመጣለሁ። «እናንተስ?» አልኩት። እነሱ አርማቸውን ይሰጡኛል። አርማው የተከፈተ መጽሐፍ ነበር፤ ገጾቹ ላይ ምንም አልተጻፈም። ዋጋውን ሲነግረኝ ተውኩት።

ዕድሜ የጠገቡ ሰዎች «በኩራዝ ጊዜ» እያሉ ሲተክዙ እሰማለሁ። ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት የደርግ ዘመን የመንግሥት ድርጅት ነበር፤ የማተሚያውን ሒሳብ ደራሲው እንዲያዋጣ አይጠይቅም ነበር። ሳንሱርም ነበረ። «ኦሮማይ» በ1975 ከኩራዝ ወጣ፤ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው በዓሉ ግርማ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። እዚህ ላይ ሽሙጥ ጉልበት የለውም፤ ልለፈው። ግን ያን ሥርዓት ስረግም እንኳ ለሳንሱር ሠራተኛው አንድ ምስክርነት አልነፍገውም፦ ያነብ ነበር። ወዶም ሆነ ተገዶ፣ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው፣ እርሳስ ይዞ። በ1985 የፕሬስ ነጻነት አዋጁ ቅድመ ምርመራን ሲሽር፣ ከደራሲው ቀጥሎ ረቂቅ የሚጨርስ ብቸኛው ሰው ከሥራ ተሰናበተ። በምትኩ ሰው አልተቀጠረም። የሥራ ማስታወቂያም አልወጣበትም።

«እሺ፣ በራሴ ላሳትም» አለ ልጁ። ጎበዝ።

በራስ ማሳተም እቁብ መግባት ነው። ዕጣው ቶሎ ካልወጣ የባልደረባን ዕጣ መለመን ነው። ፕሮፎርማ የሚባል ወረቀት ከሦስት ማተሚያ ቤቶች መሰብሰብ ነው፤ ስትመለስ ዋጋው ተቀይሮ ይጠብቅሃል። በሐምሌ 2016 ብር ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ልብ ወለድም የውጭ ምንዛሪ ጉዳይ ሆኗል፤ ወረቀቱም ቀለሙም ባሕር ተሻግሮ ነው የሚመጣው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ በ1900 ሮም ላይ አሳትሞታል ሲባል ድሮ ይገርመኝ ነበር። አሁን ደራሲው ሮም አይሄድም፤ ወረቀቱ ነው የሚመጣለት። እኔ በበኩሌ ቅጽል መቀነስ ጀምሬያለሁ። «ውብ፣ ለግላጋ፣ ዓይነ ግቡ ኮረዳ» ስል የኖርኩት ሰውዬ አሁን «ልጅቱ» ብዬ አልፋለሁ። ተቺዎች ቁጥብነቴን እያደነቁ ነው።

ምርቃቱም አለ። ወመዘክር አዳራሽ ይለመናል፣ የክብር እንግዳ ይለመናል፣ ዳሰሳ አቅራቢ ምሁር ይለመናል። ምሁሩ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ «መጽሐፉን ሙሉ በሙሉ ለማንበብ ጊዜ ባላገኝም» ብለው ይጀምሩና አርባ አምስት ደቂቃ ይናገራሉ። ዘመድ አዝማድ ፊርማ ለመቀበል ይሰለፋል፤ ሁለት የገዛችው አክስትህ ናት።

ከዚያ አከፋፋይ። አከፋፋይን የሚያማ ብዙ ነው፤ እኔ ግን አደንቀዋለሁ። ያ ምስኪን የለንደን ወኪል ረቂቅ ሲያነብ ዓይኑ ጠፍቶ፣ ከአሳታሚ ጋር ሲሟገት ድምፁ ሰልሎ ከመቶ 15 ያገኛል። የእኔ አከፋፋይ ወንበሩን ሳይለቅ ከሽፋኑ ዋጋ 40 በመቶ ቆረጠ። ያውም መጽሐፉን በዱቤ ወስዶ። የጻፍኩት እኔ፣ ያሳተምኩት እኔ፣ ተሸክሜ ሦስተኛ ፎቅ ያወጣሁትም እኔ፤ የቀረውን 60 ስጠይቅ፣ «መጽሐፍህ ቆሟል። ከበዓል በኋላ ደውልልኝ» አለኝ። የትኛው በዓል እንደሆነ አልጠየቅኩም። መስቀልም፣ ገናም፣ ፋሲካም አለፉ።

አንድ ቀን ከዚያው ቢሮ ስወጣ፣ በሩ ላይ አንድ አዟሪ መጽሐፍ እስከ አገጩ ድረስ ደርድሮ ቆሟል። «ጋሼ፣ ይቺን ይውሰዷት፤ እየሄደች ነው» ብሎ የራሴን መጽሐፍ ዘረጋልኝ። እውነቱን ነው፤ እኔ ያልተነገረኝ መንገድ ይዛ እየሄደች ነበር። ዋጋ ጠየቅኩት። ማተሚያ ቤት ለአንዱ ቅጂ ከከፈልኩት ያንሳል። ገዛሁት። ትርፍ ያገኘሁበት ብቸኛው ግብይት እሱ ነው።

ኮሚሽን የማይቆርጥ አከፋፋይ ያገኘሁት ቴሌግራም ላይ ብቻ ነው። መጽሐፌ ከሽፋን እስከ ሽፋን በስልክ ፎቶ ተነሥቶ ፒዲኤፍ ሆኗል፤ የአንባቢው አውራ ጣት ሳይቀር በየገጹ ጥግ ይታያል። ከሥሩ የቻናሉ ባለቤት «ለደራሲው ያላችሁን ክብር ሼር በማድረግ ግለጹ» ብሎ ጽፎበታል። በአንድ ሌሊት ያገኘሁት ክብር አሥር እቁብ አይሸፍነውም።

ልጁ ይህን ሁሉ ሰምቶ ረቂቁን ከፌስታሉ አላወጣም፤ ግን ደግሞ አልተነሣም። ይህ በሽታ እንዲህ ነው፤ አውቀዋለሁ።

«ውጭ አገር ዘመድ አለህ?» አልኩት።

«እህቴ ኩዌት ናት። ሰው ቤት ነው የምትሠራው።»

«እንግዲያው አሳታሚ አለህ።»

ዝም አለ። እኔም የመጀመሪያዬን ያሳተመችልኝ የገዛ እህቴ መሆኗን አልነገርኩትም፤ ዱባይ ነበረች፤ ለጥርሷ ማሳከሚያ ያስቀመጠችውን ነው የላከችልኝ። በ«ምስጋና» ገጽ ላይ ሃያ ሦስት ሰው አመስግኛለሁ፤ ከዳሰሳ አቅራቢው ምሁር እስከ ንስሐ አባቴ። እሷን ለሁለተኛው ዕትም አቆይቻታለሁ።

ልጁ ፌስታሉን ቋጥሮ ፈታ፣ ፈቶ ቋጠረ።

«ጋሼ፣ ገንዘቤን ብትለኝስ? መቼ ነው የምመልስላት?»

«ቀላል ነው» አልኩት። «መጽሐፉ ቆሟል፤ ከበዓል በኋላ ደውይልኝ በላት።»