ለእምዬ፤ ስለ ባለ ቀንዱ አሣ

ገዳሪፍ፣ የካቲት መባቻ

 

የጎርጎራ ሰው «ልጅሽ ባሕር ማዶ ነው» ሲልሽ ዝም ብለሽ እንደምትቀበይ አውቃለሁ። እውነቱን ልንገርሽ፤ እስካለፈው ወር ድረስ የተሻገርሁት ማዶ ቢኖር መተማ ዮሐንስንና ገላባትን የምታገናኘዋን አጭር ድልድይ ነው። ከጣና ዳር ተነሥቶ፣ ክረምቱ ሲያልፍ መሬቱ እግር የሚውጥ ስንጥቅ ወደሚያወጣበት አገር መግባት ባሕር ማዶ ከተባለ፣ ይባል። አሁን ግን አፍሽን ሞልተሽ ተናገሪ። ቀይ ባሕርን አየሁ፤ ከውስጡ የወጣውንም በላሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰሊጡ ሥራ ሲቀዘቅዝ መጋዘናችን ጭነት ወደ ፖርት ሱዳን ላከና እኔና ዲያቆኑ በረዳትነት ተሳፈርን። ዲያቆኑ የምልሽ ያ የአርማጭሆው ልጅ ነው፤ ድቁናውን ትቶ ጆንያ ይሸከማል፣ ፍርዱን ግን አልተወም። መንገዱ በከሰላና በሐያ አድርጎ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በሱዋኪንም አለፍን። ድሮ የኛ ሰዎች ኢየሩሳሌም ለመሳለም ሲሄዱ መርከብ የሚይዙባት ወደብ ነበረች። ቤቶቿ ከባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይ የተሠሩ ናቸው፤ እንግሊዞች በ1900ዎቹ መጀመሪያ ፖርት ሱዳንን ከከፈቱ ወዲህ ግን ፈራርሰው ቀርተዋል። ተሳልሜያታለሁ፣ ስለ አንቺም ጭምር።

ሾፌራችን ሱዳናዊ ነው፣ እስላም፣ ደግ ሰው። አንድ መኪና፣ አንድ ጥላ፣ አንድ የጀበና ቡና ከነዝንጅብሉ እንጋራለን። ሥጋ ላይ ስንደርስ ግን እሱ ያረደውን እኛ አንበላም፣ እኛ ያረድነውን እሱ አይበላም። ስለዚህ ጠዋት ፉል፣ ቀን ፉል፣ ማታ ፉል። ፖርት ሱዳን ስንደርስ ሦስታችንም ስለ ባቄላ መስማት አንፈልግም ነበር።

ወደቡ ላይ የማራገፊያው ወረፋ ረጅም ሆነብንና የናይለን ክርና መንጠቆ ገዝተን ከከተማው ወጣ ብለን ባሕር ዳር ወረድን። እምዬ፣ እንደ ጣና ዳር ጭቃና ደንገል እንዳይመስልሽ። ዳሩ ሁሉ ስለታም ድንጋይ ነው፤ እሱንም የገነቡት ከጤፍ ብዙም የማይበልጡ እንስሳት ናቸው አሉኝ። ጉልበት በማያደርስ ውኃ ጥቂት ትራመጂና ድንገት ገደል ነው፤ አረንጓዴው ውኃ እግርሽ ሥር ይጠቁራል። ከዚያ ገደል አፍ ላይ አንዳንድ ጊዜ የአሣ ጅራት ከውኃው በላይ ብቅ እያለ ይወዛወዛል፣ ባለቤቱ ከታች ተደፍቶ ይግጣልና።

ዳቦ ያን ጊዜ በሰልፍ ነበር የሚገኘው። ሌሊት ተሰልፈን ያገኘነውን አድቦልቡለን መንጠቆ ላይ ብናደርግ ያ ጅራት ዘወር ብሎም አላየን። አንድ የቤጃ ሽማግሌ ሲታዘበን ቆይቶ እየሳቀ መጣና ዳቦውን ነቅሎ ጣለው (ዲያቆኑ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው)፤ ከድንጋዩ ላይ ቡናማ የባሕር አረም ቧጥጦ መንጠቆው ላይ ጠቀለለልን። ጾመኛ ነው ለካ! ብዙም ሳይቆይ ክሩ መዳፌን ሊቆርጠው ደረሰ።

ስናወጣው ዲያቆኑ አማተበ። ክንድ የሚያህል ግራጫ አሣ፣ ከዓይኖቹ መሐል ወደ ፊት የተቀሰረ ቀንድ ያለው! አልዋሸሁም። ዐረቦቹ «አቡ ገርን» ይሉታል። ጅራቱን ልይዝ እጄን ስዘረጋ ሽማግሌው በከዘራው መታኝ። ጅራቱ ሥር በግራና በቀኝ ሁለት ሁለት ሰማያዊ ስለት አለው። ሾፌሩ በከዘራ የሚመታው አላገኘምና የጀለቢያው እጅጌ እስከ ክርኑ ተተረተረ። ገበያ ላይ ይህን አሣ ብዙ አታዪውም፤ የከተማው ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው ናጂል ለሚባለው ቀይ አሣ ነው።

ከዚያ ችሎት ተቀመጠ። ሾፌሩ «የባሕር ነገር ሐላል ነው፣ ቢላዋም አያስፈልገውም» ብሎ ከሰሉን ማራገብ ጀመረ። እኔም ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ አሣ አራጅ የለውም፣ የማንም ስም አይጠራበትም፣ ስለዚህ አንድ ትሪ ላይ ሊያስቀምጠን ነው! ዲያቆኑ ግን «ቆዩ» አለ። «ክንፍና ቅርፊት ያለው ነው የተፈቀደው፤ አምባዛን የማንበላው ለምን ሆነና? የዚህ ቅርፊቱ የታለ?» ከራሱ ወደ ጅራቱ ዳበሰው፣ ይለሰልሳል። ከጅራቱ ወደ ራሱ ዳበሰው፣ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይቧጥጣል። «ቀንድ አለው፣ ሣር ይግጣል፤ እሺ፣ ሰኮናውስ? ያመሰኳል?» ሾፌሩ የሞተ አሣ ለምን እንደሚደባበስ ግራ ገብቶት ወደ እኔ ያያል። ምን ብዬ ላስረዳው?

ሽማግሌው ዐረብኛችንንም ክርክራችንንም አልጠበቀም። ሆዱን ቀደደና አንጀቱን ሳይበሳ በጥንቃቄ አወጣው፤ ከተበሳ የአረሙ ሽታ ሥጋው ውስጥ ይገባል። ከነቆዳው ከሰል ላይ ጣለው። ቆዳው ጠቁሮ በአንድ ቁራጭ ተገሸለጠ፤ ከሥሩ ነጭ፣ ጠንከር ያለ ሥጋ ወጣ። ሎሚ ጨመቅንበት፣ የላክሽልኝን ሚጥሚጣ ነሰነስሁበት። ሾፌሩ ሸጣ የሚባለውን የአገሩን በርበሬ ትቶ ወደ ሚጥሚጣሽ ዞረ፤ ከዚያ ወዲያ ለጥቂት ጊዜ አልተናገረም።

ዲያቆኑ በስልኩ ካሜራ የቆዳውን ቁራጭ እያቀረበ፣ እያጎላ ቆየና ድንገት ጮኸ። ቅርፊት አለው! አሸዋ የሚያህሉ፣ በመደዳ የተደረደሩ። «ተፈቅዷል!» ብሎ እጁን ሲዘረጋ እኔና ሾፌሩ የአንድ ወገኑን ሥጋ ጨርሰን የአንገቱን አጥንት እየላስን ነበር። እሱ ግን የቀረውን ወገን ብቻውን ጨረሰ፤ ፍርድ ቤት የዋለ ሰው ይርበዋል።

አሁን ወደ ገዳሪፍ ተመልሰን ፉላችን ላይ ነን። የንስሐ አባታችንን ስለ አሣው ስትጠይቂልኝ ግን ቅርፊቱን አስቀድመሽ፣ ክንፉን አስከትለሽ ንገሪያቸው። ቀንዱን ከፈቀዱ በኋላ ታነሺዋለሽ። ሚጥሚጣው አልቋል፤ ሾፌሩ ለራሱ ለብቻው ቋጠሮ ይፈልጋል።

ልጅሽ