የሕዋሳትን ታዛዥነት ለመደንገግ የወጣ አዋጅ

ስማ፣ ስማ! የሰማህ ላልሰማው አሰማ! ተቀባይ የሌለህ ሕዋስ ግን ብትሰማም አይመለከትህም።

በደም የሚላከው የሆርሞን ትእዛዝ በየሕዋሱ ደጃፍ ሲያልፍ፣ የሚፈጽመው ለዚያ ሆርሞን የተሠራ ተቀባይ ያለው ብቻ በመሆኑ፤ የማይመለከታቸውም በከንቱ እንዳይደነግጡ ማድረግ በማስፈለጉ፤ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ ደጅ ስለሚቀሩ። ኢንሱሊንና አድሬናሊን የሕዋሱን የስብ ሽፋን ማለፍ ስለማይችሉ፣ መልእክታቸውን ሽፋኑ ላይ ላለው ተቀባይ ያደርሳሉ። አድሬናሊን የጉበትን ሕዋስ ሲነካ ውስጥ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የሚባል ተላላኪ ይራባል፤ በጉበት የተከማቸው ግላይኮጅንም ፈርሶ ስኳር ይሆናል። ይህን ተላላኪ ያጋለጠው ኧርል ሰዘርላንድ በ1971 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልሟል። (አለቃው በር ላይ ቀርቶ ሥራውን ሁሉ ተላላኪ የሚሠራበት ቤት ለአንባቢ እንግዳ አይደለም።)

አንቀጽ 2፦ ሳያንኳኩ ስለሚገቡ። ኮርቲሶልና ኢስትሮጅን የኮሌስትሮል ልጆች ናቸውና ስቡ አያግዳቸውም። ውስጥ ከሚጠብቃቸው ተቀባይ ጋር ተያይዘው የትኛው ጅን ይሥራ፣ የትኛው ይረፍ ብለው ይወስናሉ። አዲሱ ፕሮቲን እስኪሠራ ሰዓታት ስለሚፈጅ ባለጉዳዮች በትዕግሥት ይጠብቁ። የታይሮይድ ሆርሞን ትውልዱ ከአሚኖ አሲድ ቢሆንም በአስገቢ ፕሮቲኖች አማላጅነት ገብቶ እንደ ኮርቲሶልና ኢስትሮጅን ይሠራል። አዮዲን ከጎደለው ግን ዕጢው አብጦ፣ እንቅርት ሆኖ፣ አንገት ላይ አቤት ይላል።

አንቀጽ 3፦ ስለ እምቢተኞች። ኢንሱሊን ሲመጣ የጡንቻና የስብ ሕዋሳት ግሉት 4 የተባለውን በር ወደ ሽፋኑ አውጥተው ስኳር ማስገባት ግዴታቸው ነው። ቀይ የደም ሕዋስ ስኳሩን ያለ ኢንሱሊን ስለሚወስድ ከዚህ ግዴታ ነጻ ነው። ሆኖም አንዳንድ ጡንቻዎች ትእዛዙ ደርሷቸው ሳለ አልሰማንም ማለት አብዝተዋል። ቆሽትም እንደ ማንኛውም መሥሪያ ቤት ያንኑ ደብዳቤ ደጋግሞ፣ በብዛት ይልካል። ስኳሩ ደም ውስጥ እንደተሰለፈ ነው። ቆሽት በዚህ ሥራ ዓመታት ገፍቶ ሲደክም ዓይነት 2 የስኳር በሽታ ይከተላል። የሚራመድ ጡንቻ ግን ያለ ኢንሱሊን ትእዛዝም በሩን ይከፍታል፤ መንግሥት ይህን ሥርዓት አልበኝነት ብሎ አይከስም።

አንቀጽ 4፦ አዋጁ ስለሚጸናበት ጊዜ። አንቀጽ 2 ከታወጀ ከሰዓታት በኋላ፣ ታይሮይድን የሚመለከተው ክፍል ደግሞ ከቀናት በኋላ ይጸናል። የአድሬናሊኑ ክፍል የጎረቤት ውሻ ሰንሰለቱን ከበጠሰበት ቅጽበት ጀምሮ የጸና ነው።