ለጤነኛ ሰካራሞች የተዘጋጀ ሕክምና፦ ለጤና ሚኒስቴር የተላከ ግልጽ ደብዳቤ

ለጤና ሚኒስትር
አዲስ አበባ

ክቡርነትዎ ሆይ፤

ዝናቡ ከማያባራበት፣ ጫካውና ቡናው ተቃቅፈው ከሚኖሩበት ከደቡብ ምዕራቡ የአገራችን ዳርቻ፣ ከሚዛን ተፈሪና ከቴፒ መካከል ሆኜ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ የሚገባውን እጅ እነሣለሁ። ብዙዎች ወደ እርስዎ የሚጽፉት አቤቱታ ለማሰማት ነው፤ እኔ ግን ብዕሬን ያነሣሁት፣ የአካባቢያችንን ሰው ከአልኮልና ከልዩ ልዩ ሱስ ለመፈወስ የተዘረጋው ሥርዓት ምን ያህል ጥልቅ ጥበብ እንደ ተሰወረበት፣ ብዙ ካወጣሁ ካወረድሁ በኋላ ስለ ተገለጠልኝ፣ ምስጋናዬን ለማቅረብ ነው።

ከሕጉ ልጀምር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው፣ ቁጥሩም 1112 የሆነው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ፣ የአልኮል መጠጥ በራዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ ከልክሎ፣ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላም ሰው እንዳይሸጥ አዘዘ። ቢራ ከዚያ ወዲህ በቴሌቪዥን መዝፈኑን ተወ፤ እኛም ደስ አለን። ነገር ግን የእኛ ሰፈር አረቄ ቀድሞውንም ቴሌቪዥን ላይ ወጥቶ የማያውቅ፣ ፋብሪካም ሆነ የንግድ ምልክት የሌለው፣ ባሏ በሞተባት በአንዲት ሴት ጓዳ ከጌሾና ከብቅል ተጠንስሶ በጭስ መካከል ጠብ ጠብ እያለ የሚወርድ ስለ ሆነ፣ አዋጁ በየስቱዲዮው ፈልጎ ቢያጣው ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። ጠጁና ቦርዴውም በዚሁ ሰላም ቀሩ። ሴትዮዋን የሚወቅስ ካለ ግን አልተባበረውም፤ የልጆቿ ደብተርና የቤቷ ኪራይ የሚወጣው ከዚያው ማሰሮ ነውና።

አሁን፣ ክቡርነትዎ፣ ከዚህች ሴት ደንበኞች አንዱን በሐሳብ እንከተለው። ከከምባታ ወይም ከወላይታ ለቡና ለቀማ የመጣ ጎልማሳ ነው እንበል። ወደ በበቃም ሆነ ወደ ቴፒ የቡና እርሻ ሲገባ አሳቡ ወቅቱን ሠርቶ፣ ጥቂት ብር ቋጥሮ፣ ለልጆቹ ልብስ ይዞ መመለስ ነበረ። ድካሙን እንዲያስረሳው ቀን ጫት ቃመ፤ ማታ ምርቃናው እንቅልፍ ቢነሣው በአረቄ ጨብሲ አደረገ፤ ጨብሲው ጠዋት ራሱን ቢያዞረው እንደ ገና ወደ ጫቱ ተመለሰ። ለቀማው ሲያልቅ ጓደኞቹ ሄዱ፤ እሱ ቀረ። ዛሬ ገና ጎሕ ሲቀድ ከአረቄ ቤቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ሴትዮዋ የመጀመሪያውን መለኪያ እስከ አፉ አትሞላለትም፤ ግማሽ ቀድታ በሁለት እጁ እስኪይዘው ትጠብቀዋለች። ሁለተኛውን ግን ሞልታ ትሰጠዋለች፤ እጁ በዚያን ጊዜ ጸንቷልና።

ይህ ሰው ከዕለታት አንድ ቀን «በቃኝ» ይላል። የክቡርነትዎ ጥበብ የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው፤ «በቃኝ» ያለውን ሰው እንዲሁ በየዋህነት ከመቀበል ይልቅ የቃሉን እውነተኛነት በመንገድ ይፈትኑታልና። በአገራችን ለሱስ ሕሙማን የተለየ አልጋ ያላቸው ተቋማት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ አብዛኞቹም የተሰበሰቡት በአዲስ አበባ ነው። የግሎቹን ዋጋ ቡና ለቃሚ አይጠይቅም። ስለዚህ የሪፈር ወረቀቱን በኪሱ ይዞ፣ አብሮት የሚጓዝ አስታማሚ ለምኖ፣ ለሁለት ሰው መሳፈሪያና ማደሪያ አበድሩኝ ብሎ፣ ቦንጋን፣ ጅማን፣ የጊቤን ቆላና ወልቂጤን አቋርጦ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ሲጓዝ ከርሞ፣ በ1930 ዓ.ም. ተቋቁሞ የአገሩን ሁሉ የአእምሮ ሕሙማን ሲቀበል ከኖረው ከአማኑኤል ሆስፒታል ደጅ ይደርሳል፤ ከዚያም ወረፋ ይይዛል።

በመንገዱ ላይ የሚሆነውን ሐኪሞችዎ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። ለብዙ ጊዜ በየዕለቱ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም፣ ገና ቀኑ ሳይመሽ መንቀጥቀጥና ላብ ይጀምረዋል፤ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ቀን እንደሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ ሊመጣበት ይችላል፤ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ደግሞ የሌለ ነገር እየታየው የሚቃዥበትና ሕክምና ካላገኘ ነፍሱን እስከ ማጣት የሚደርስበት ጭንቅ ሊነሣበት ይችላል። እንግዲህ የኛ ሰው ከሁለት አንዱን ይመርጣል። ጠጥቶ ቢሳፈር ረዳቱ «ሰካራም አልጭንም» ብሎ ያወርደዋል፤ ሳይጠጣ ቢሳፈር ጅማ አድሮ በማግሥቱ ጊቤ ላይ ይንፈራገጣል። ከዚህ ሁሉ አምልጦ፣ ገንዘቡን ሳይጠጣ፣ ቀጠሮውን ሳይረሳ፣ አስታማሚውን ሳያስቀይም በሰላም የገባ ሰው ቢገኝ፣ ያ ሰው በእውነት ድኗልና አልጋው ለምን ያስፈልገዋል? አልጋው ጥቂት መሆኑ በቂ ሆኖ የተገኘበት ምሥጢር ይህ ነው።

ይህ ሥርዓት ጥንታዊ አብነት የለውም ብዬም አላማዎትም። በአንዱ የዐቢይ ጾም እሑድ የምናስበው መጻጉዕ 38 ዓመት በአልጋ ተይዞ ኖረ፤ ከመጠመቂያው ዳር ተኝቶ ሳለ ሳይድን የቆየው ውኃው ፈዋሽ ስላልነበረ አይደለም፤ ውኃው ሲናወጥ ቀድሞ የሚገባው ብቻ ስለሚድን፣ ለመቅደም ደግሞ እግር ወይም ተሸካሚ ሰው ስለሚያስፈልግ ነው። ልዩነቱ አንድ ነው፤ መጻጉዕ ቢያንስ ከውኃው ዳር ተኝቶ ነበር፤ የእኛ መጻጉዕ ግን የተኛው ሚዛን ተፈሪ፣ መጠመቂያው ያለው አዲስ አበባ ነው።

በወረቀት ላይ ግን ውኃው ቀርቦልናል። ከ2005 እስከ 2008 ዓ.ም. የዘለቀው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ሱስን ከሕመሞቹ ጋር ቆጥሮ፣ ሕክምናው እስከ ጤና ጣቢያ እንዲወርድ በመልካም ቋንቋ ደንግጎ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትም ስፔሻሊስት በሌለበት አገር ነርሶችና ጤና መኮንኖች ሠልጥነው የአልኮልን ሕመም ጭምር እንዲያክሙ መርሐ ግብር ከዘረጋ ከ15 ዓመት በላይ ሆኖታል። ነገሩ እጅግ የረቀቀ አይደለምና ማፈር ይገባናል፤ ከመጠጥ የመላቀቂያው የመጀመሪያ ሳምንት በብዙ ሰው ላይ የሚያልፈው በዳያዜፓም፣ ታያሚን በሚባለው ቪታሚን፣ በአንድ ጸጥ ያለ አልጋና ሌሊት ትንፋሹን በምታዳምጥ አንዲት ነርስ ነው። ለጫት እንዲህ ያለ ኪኒን ባይኖርም ምክርና ክትትል አለው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ረጅሙ ሥራ ነው፤ ያም ቢሆን ከአዲስ አበባ ይልቅ በሽተኛው በሚኖርበት ቀበሌ ይቀላል።

ሩቁን ማቅረብ አይቻልም እንዳይሉኝ ደግሞ ሁለት ምስክር እጠራለሁ። አንደኛው ቡናው ነው። በቀድሞው ዘመን የእኛ ቡና ለጨረታ የሚቀርበው እስከ አዲስ አበባ ተጭኖ ነበር፤ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ ግን መርማሪውና ቀማሹ ወደ ቡናው መጡ፤ ቦንጋ ላይም መጋዘን ተከፈተ። ዛሬ ቡናው በአገሩ ተመርምሮ ደረጃ ሲያገኝ፣ የለቀመው ሰው ግን ለመመርመር አዲስ አበባ ይሄዳል። ሁለተኛው ምስክር ክልሉ ነው። በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት፣ ለማኅተም ብሎ ማንም እንዳይንከራተት መቀመጫው ለቦንጋ፣ የእኛዋን ሚዛን ተፈሪን ለምታጠቃልለው ለሚዛን አማን፣ ለቴፒና ለተርጫ ተከፋፈለ። ወንበር ለአራት ከተማ ከተከፋፈለ፣ አልጋ ለምን ሳይከፋፈል ቀረ?

እስከዚያው ሕዝቡ የተከፈተለትን ደጅ ያንኳኳል፤ ክርስቲያኑ ወደ ጠበልና ወደ ጸሎት ቤት፣ ሙስሊሙ ወደ ዱዓ ይሄዳል። እነዚያ ደጆች ሪፈር አይጠይቁም፤ ስለዚህም ቀን ከሌሊት ሰው አያጡም። ነገር ግን ካህኑም ሆነ ሼሁ በሦስተኛው ሌሊት የሚነሣውን ጭንቅ የሚያስታግስ መርፌ በእጃቸው የለም፤ ያም የእነሱ ድርሻ ሆኖ አያውቅም።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምነው፣ ከሚመጣው የቡና ለቀማ አስቀድሞ በሚዛን አማንና በቴፒ ለሱስ ሕሙማን የተለዩ ጥቂት አልጋዎች እንዲዘረጉ፣ መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ፣ በየጤና ጣቢያውም አንድ የሠለጠነ ባለሙያ እንዲመደብና እንዳይዛወር ነው። ይህ ከክቡርነትዎ ዐቅም በላይ ከሆነ ግን ሕዝቡ ሳያውቅ እንዳይሳሳት በየአረቄ ቤቱ ደጅ እንዲህ የሚል ማስታወቂያ እንዲለጠፍልን አሳስባለሁ፦ «ሱስ ሊይዘው የሚሻ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የመሳፈሪያውን ገንዘብ ያስቀምጥ፤ ሥራ ፈት የሆነ አስታማሚ ያዘጋጅ፤ ቢቻለውም ኑሮውን ወደ አዲስ አበባ ያዛውር።»

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ከሚዛን ተፈሪ፣ አንድ ቡና ጠጪ