የክፍል 1 ደጋሚ

አንድ ወዳጅ አለኝ። ስሙን አልጠራም፤ እናቱ ጋዜጣ ታነባለች። ሰሞኑን ተራራ ወጪ ሆኗል። ተራራ ወጣ አላልኩም፤ ተራራ ወጪ ሆነ ነው ያልኩት። ገመዱን፣ ጫማውን፣ የራስ ቁሩን ገዝቶ ጨርሷል። ከሁለቱ ወጪዎች እስካሁን ያየነው የኪሱን ነው።

አምቦ መናኸሪያ ስንወርድ ከወገቡ እስከ ጉልበቱ ብረት ተንጠልጥሎበት ይንቃጨላል። ሊስትሮው ቀና ብሎ አየውና፣ «ጋሼ፣ ቁልፍ ይቀርጻሉ እንዴ?» አለው።

«ካራቢነር ይባላል። ገመድ መያዣ ነው።»

«ገመዱስ ይኸው፤ በሬው የታለ?»

ቡና ልንጠጣ ተቀመጥን። ወዳጄ ትምህርቱን ጀመረ። ተራራ በክፍል ይመደባል አለ። ክፍል 1 በእግር ብቻ የሚሄዱት ነው፤ ክፍል 3 ላይ እጅም ይገባበታል፤ ክፍል 5 ገመድ የሚታሰርበት ቀጥ ያለ ገደል ነው፣ እሱም እንደገና 5.8፣ 5.9፣ 5.10 እየተባለ ይከፋፈላል። «እኔ ለ5.10 ነው የምለማመደው» አለ ደረቱን ነፍቶ።

ቡና የምታፈላው ሴትዮ ጀበናውን አስቀመጠች። «አምስት ከአሥር አምጥቶ ይኮራል እንዴ ሰው? የኔው ልጅ ስምንት አምጥቶ ነው አባቱ ያኮረፈው።»

«ወንጪስ ስንተኛ ክፍል ናት?» አልኩት።

አፍንጫውን ነፋ። «ከፍታዋ 3,386 ሜትር ነው። መንገዷ ግን ክፍል 1 ነው። ለመዝናናት እንሂድ።»

ሄድን። (ወንጪ በወረቀት የደቡብ ምዕራብ ሸዋ ናት፤ አምቦዎች ይህን ወረቀት አላነበቡትም።) ከአፋፉ ወደ ሐይቁ ስንወርድ ወዳጄን የሚችለው አልተገኘም፤ ቁልቁለት ማንን ጀግና ያላደረገ! የዓለም የቱሪዝም ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ወንጪን ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ተርታ ያስገባት ለእሱ መንገድ እንድትሆነው ይመስል፣ ሐይቁ ዳር ቆሞ አካባቢውን በእጁ እያመለከተ አስጎበኘኝ።

ነገሩ የመጣው ስንመለስ ነው። ሦስተኛው ጥምዝ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ከቦርሳው የአምቦ ውሃ አውጥቶ ሲከፍተው ፊቱ ላይ ፈነዳ። «ወደ ላይ ሲወጣ አየሩ ስለሚሳሳ ነው፤ ጋዙን የሚጫነው ይቀንሳል» አለ እየተጠራረገ።

«ገባኝ» አልኩት። «ጠርሙሱም ካንተ የተሻለ ትንፋሽ አለው።»

«እዚህ ኦክስጅን ያንሳል እኮ!»

«ያለኸው የፈይሳ ሌሊሳ አገር ነው። የጄልዱ ልጅ እዚህ ደጋ ላይ ተንፍሶ አድጎ በ2016 ሪዮ ላይ በማራቶን ብር አመጣ። አንተ 42 ኪሎ ሜትር ማን ጠየቀህ? ጥምዟን ጨርስ።»

ባለፈረሱ ልጅ ከሐይቁ ጀምሮ ማንም ሳይጠራው እንደ ነፍስ አባት ከኋላ ከኋላችን ነበር፤ ሰዓቱን ያውቃል። ቀረብ አለና፣ «ጋሼ፣ ፈረስ ላቅርብ?» አለ።

«ተራራ ወጪ ነኝ።»

«እሱስ ይወጣሉ። እኔ የምለው፣ ዛሬ ነው ወይ?»

ወዳጄ በፈረስ ወጣ። ካራቢነሩ ሲንቃጨል ፈረሱ የሠርግ መስሎት መሰለኝ፣ አረማመዱን አሳመረ። አፋፉ ላይ ሲደርሱ ወርዶ ገመዱን በትከሻው አጋደመና ስልኩን ሰጠኝ። «ፎቶ አንሣኝ። ፈረሱ እንዳይገባ።»

ልጁ ልጓሙን ሳበ። «ፈረሱስ ይውጣ፤ ግን ክፍል 1ን ያለፈው እሱ ነው።»

ወዳጄን አልፈርድበትም፤ የሙያው ልማድ ነው። ራስ ዳሸንን በ1841 ሁለት የፈረንሳይ መኮንኖች፣ ፌሬና ጋሊኒዬ፣ ወጡት ተብሎ ተመዝግቧል። መንገዱን ያሳያቸው ማን እንደሆነ ስትጠይቁ መዝገቡ ጆሮው አይሰማም። ኤቨረስት ላይ በ1953 ሂላሪና ቴንዚንግ ኖርጌይ አብረው ወጡ፤ ሲመለሱ ሂላሪ «ሰር» ተባለ፣ ቴንዚንግ ሜዳሊያ ተሰጠው። አንድ ነገር ብቻ ተሳስቶ ለቴንዚንግ ደረሰው፤ ጫፉ ላይ ካሜራውን የያዘው ሂላሪ ስለነበር በፎቶው ያለው ቴንዚንግ ነው። ወዳጄ ቢሆን ኖሮ ካሜራውን ለማን እንደሚሰጥ ታውቃላችሁ።

ተረቡን ላቁመውና እውነቱን ልናገር፤ ከ8,000 ሜትር በላይ ጨዋታ የለም። ኤቨረስት ጫፍ ላይ ሰው የሚያገኘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለው ሲሶ ያህል ነው፤ እዚያ ለሌላው ሰው ገመድ የሚዘረጋና ጓዝ የሚሸከም ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ኔፓላዊ ነው። እነሱም አንድ ቀን ሰለቻቸው። 8,611 ሜትር የሆነው ኬ2 በፈረንጆች ክረምት ማንም አልወጣውም ነበር። ጃንዋሪ 16 ቀን 2021 አሥር ኔፓላውያን ከጫፉ አሥር ሜትር ያህል ሲቀራቸው ቆመው ተጠባበቁ፤ ከዚያም ጎን ለጎን ሆነው የአገራቸውን መዝሙር እየዘመሩ ወጡ። መጀመሪያ የረገጠው ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ጋዜጠኛ ይቸገር!

ይህን ለወዳጄ ስነግረው፣ «የገመድ ነገር ለእኛ አገር አዲስ ነው» ብሎ ሊያመልጥ ሞከረ። አዲስ? ደብረ ዳሞ ከ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በገመድ ነው የሚወጣው። አሥራ አምስት ሜትር ያህል ቀጥ ያለ ገደል፣ ለእጅ አንድ ጠፍር፣ ለወገብ ሌላ ጠፍር፣ ከላይ የሚስብ መነኩሴ። አንተ በዶላር የተማርከውን እነሱ በባዶ እግር ይሠሩታል። ደግሞም አቡነ አረጋዊን መጀመሪያ ያወጣቸው ዘንዶ ነው ይባላል፤ ዘንዶውም ሥዕላቸው ላይ አብሮ ተሥሏል። ወጥቶ ያወጣውን የማይረሳ እንዲህ ነው። አንተ ፈረሱን ከፎቶ አስወጣህ!

ዝም አለ። ወደ ልጁ ዞረና ኪሱን እየዳበሰ፣ «ስንት ነው ሒሳብህ?» አለው።

«የፈረሱን ነው ጋሼ፣ የዝምታውን?»

ሁለቱንም ከፈለ። ለእኔ ግን ምንም አልሰጠኝም፤ ይኸው ጻፍኩት።