በጋቢና በር ላይ ስለሚጨመር መያዣ፤ በጅቡቲ ከተማ፣ ፒኬ 12 የተካሄደ የመስክ ጥናት

1. የጥናቱ ዳራ

ከኢትዮጵያ የገቢና ወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ በኩል ያልፋል። በዚህ ዐረፍተ ነገር የማይጀምር የወደብ ጥናት ብርቅ ነው፤ ይህም ጥናት ወጉን አላፈረሰም። ስለ ወደቡ ጥልቀት፣ ስለ ክሬኑ ቁመት፣ ስለ ኮንቴይነሩ ኪራይ በሰፊው ተጽፏል። ነገር ግን ዕቃውን አብዛኛውን ጊዜ ወደ አገር የሚያስገባው ከባድ መኪና ነው፤ መኪናውን የሚያንቀሳቅሰው ሹፌር ነው፤ ሹፌሩም ወደ ጋቢናው ሲወጣና ከጋቢናው ሲወርድ አንድ ነገር መጨበጥ አለበት። ምን እንደሚጨብጥ የጠየቀ ምሁር አላጋጠመንም። ጥናቱ ይህን የዕውቀት ክፍተት ለመሙላት የተነሣ ነው።

የጥናቱ ቦታ ፒኬ 12 ይባላል። ከከተማው መሀል 12 ኪሎ ሜትር ላይ፣ ወደ ኢትዮጵያ በሚወስደው መንገድ ዳር ይገኛል። ብዙዎቹ የኢትዮጵያ መኪኖች የመጫኛ ተራቸውን የሚጠብቁት በዚህ አካባቢ ነው። ሽሮ ለማዘዝ ፈረንሳይኛም፣ ዐረብኛም፣ ሶማልኛም፣ አፋርኛም አያስፈልግም፤ አማርኛ ይበቃል። ተራው ቀናት ሊወስድ ስለሚችል ጋቢናው መኝታ ቤት፣ ሳሎን፣ ማድ ቤትና ቢሮ ሆኖ ያገለግላል። ፈረንጅ ጡረታ ሲወጣ ቁጠባውን አውጥቶ የሚገዛውን ባለ ጎማ ቤት የእኛ ሹፌር ገና በሥራ ላይ እያለ አግኝቶታል ማለት ነው። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ የፈረንጁን ቤት 400 ኩንታል ማዳበሪያ አይከተለውም።

2. የቀደሙ ጽሑፎች ቅኝት

ጉዳዩ በውጭው ዓለም ችላ አልተባለም። የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ፣ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 1982 ወዲህ የተሠሩና ጋቢናቸው ሞተሩ ላይ የተቀመጠ ረጃጅም የጭነት መኪኖች በቂ መርገጫና መያዣ እንዲኖራቸው ያዝዛል። በቂ የሚባለው የሚወጣው ወይም የሚወርደው ሰው ከሁለት እጁና ከሁለት እግሩ ሦስቱን በማንኛውም ቅጽበት መኪናው ላይ ማሳረፍ ሲችል ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ሁለት እጅና አንድ እግር፣ ወይም ሁለት እግርና አንድ እጅ። አራተኛው ምን ይዞ እንደሚወርድ ደንቡ አይናገርም። የእኛ ጥናት የሚጀምረው ደንቡ ዝም ካለበት ላይ ነው።

በዚያው አገር በባለ ጎማ ቤት የሚዞሩ ሰዎች ሌላ ችግር ገጥሟቸዋል። የቤቱ በር ድርብ ነው፤ የውጪው ጠንካራ፣ የውስጡ ትንኝ የሚከለክል ስስ ወንፊት። ሰው ሲወጣ ወንፊቱን በመዳፉ ይገፋል፤ ወንፊቱም ከዳርና ዳሩ ይለቃል። መፍትሔ ተብሎ ከወንፊቱ ፊት አግድም ዘንግ ተገጠመ፤ እጅ ዘንጉን ይገፋል፣ ወንፊቱ ይተርፋል። ዘንጉ እንደ በሩ ስፋት የሚረዝምና የሚያጥር ሆኖ ይሸጣል። በጅቡቲው የዶራሌ ወደብ ይህን ሁሉ ከባድ ነገር የምታራግፈው አገራችን ይህን አንድ ቀላል ነገር እስካሁን አለማራገፏ ለንግድ ተመራማሪዎች የተተወ ጥያቄ ነው።

3. የጥናቱ ዘዴ

ናሙናው የተመረጠው በጥላ ነው። ጥላቸው ሰው የሚያስቀምጥ መኪኖች ሁሉ ተካተዋል። በቀትር ጥላው ከጎማው ሥር ስለሚሰበሰብ በዚያ ሰዓት የናሙናው መጠን ወደ ዜሮ ይወርዳል፤ በሐምሌ የከተማው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ የተመራማሪውም ፍላጎት እንደዚያው። ከሰዓት በኋላ ቃለ መጠይቅ ለማድረግ የተደረገው ሙከራ አልሰመረም። ከኢትዮጵያ የሚመጣው ጫት ከተማው የሚገባው በእኩለ ቀን ግድም ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላ የሚሰጥ ምላሽ ረጅም፣ ጥልቅና ከጥያቄው ጋር የማይገናኝ ነው።

የጽሑፍ መጠይቅም ተበትኗል። መልስ ሰጪዎቹ የጉምሩክ ዴክላራሲዮን መስሏቸው ሳያነቡ ፈረሙበት፤ ማኅተሙ የት እንደሚመታ የጠየቁም ነበሩ። ስለዚህ ጥናቱ ወደ ምልከታ ዞሯል። ምልከታ ማለት ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሰው ሲወርድ ማየት ነው።

4. ግኝቶች

4.1 የመያዣ ዓይነቶች

አራት ዓይነት መያዣ ተለይቷል። አንደኛው የፋብሪካ ነው፤ ከሲኖትራኩ ወይም ከኢቬኮው ጋር አብሮ የመጣ። ሁለተኛው የብየዳ ነው፤ ከውሃ ቱቦ ወይም ከአርማታ ብረት ተቆርጦ፣ በያጁ ከነሙሉ ክብደቱ ተንጠልጥሎበት የሚያስረክበው። ሦስተኛው የገመድ ነው፤ ሸራ ከታሰረበት የተረፈ። አራተኛው ረዳቱ ነው። ረዳቱ በአንድ ቦታ የማይወሰን፣ የባሕሩ ጨው የማያዝገው፣ ሲጠሩት የሚመጣ መያዣ ሲሆን ብቸኛ ጉድለቱ እንቅልፍ ነው።

የብየዳው መያዣ ሦስት ሕጎች አሉት። አንደኛ፣ ቁመቱን የሚወስነው የበያጁ ቁመት ነው፤ አጭር በያጅ ያበጀው መያዣ ለረጅም ሹፌር የጉልበት መግጫ ይሆናል። ሁለተኛ፣ መያዣው መበየድ ያለበት ከበሩ ጎን ባለው ምሰሶ ላይ እንጂ በሩ ላይ አይደለም። የበሩ ላሜራ ስስ ነው፤ ከዚያም በላይ በሩ ላይ የተበየደ መያዣን የጨበጠ ሰው በሩ ወደሚሄድበት ይሄዳል። ሦስተኛ፣ አዲሶቹ መኪኖች ሆዳቸው ውስጥ ኮምፒውተር ስላለ ከብየዳ በፊት የባትሪው ገመድ መነቀል አለበት። ሳይነቀል ከተበየደ መያዣው እጅግ ይጠነክራል፤ መኪናው ግን ላይነሣ ይችላል።

4.2 የመያዣ መያዝ

የፋብሪካው መያዣ እያለ ሌላ ለምን ይጨመራል? የጥናቱ ዋና ግኝት እዚህ ላይ ነው። የፋብሪካው መያዣ ተይዟል። የታጠበ ሽርጥ ተሰጥቶበታል፤ ጀሪካን ተንጠልጥሎበታል፤ የሽንኩርት ፌስታል ታስሮበታል። ሹፌሩ የሚጨብጠው ሲያጣ ሁለተኛ ያስበይዳል። ሁለተኛው ሳምንት ሳይሞላው ፎጣውንና የረዳቱን ካልሲ ይሸከማል። ሦስተኛ የተጨመረለት መኪናም ታይቷል፤ ሽንኩርቱ ወደዚያ ተዛውሯል። ከዚህ ተነሥቶ ጥናቱ የሚከተለውን ድንጋጌ ያቀርባል፦ ለእጅ የተሠራ መያዣ ውሎ አድሮ ከእጅ በቀር ሁሉን ይይዛል።

4.3 ሙቀት

ፀሐይ የዋለበት ብረት ከቀትር እስከ አሥር ሰዓት አይጨበጥም፤ በእነዚህ ሰዓታት መያዣው ጌጥ ነው። የሹፌሮቹ መልስ ከመነዳሪ ነው። ያረጀ ከመነዳሪ በቀጭኑ ይተለተልና ብረቱ ላይ ይጠመጠማል። የጋለ ጎማ ቀለሙን ስለሚያጋባ ከቃጠሎ የዳነ መዳፍ ጠቁሮ ይወጣል። በፒኬ 12 መዳፉ ያልጠቆረ ሰው ወይ ትናንት የተቀጠረ ነው፣ ወይ የመኪናው ባለቤት ነው።

4.4 ትንኝና አጎበር

ሌሊቱ ይብሳል። በሩ ቢዘጋ ሙቀት አያስተኛም፤ ቢከፈት ትንኝ ይገባል። የጅቡቲ ትንኝ ደግሞ እንዲሁ አትናቅም። መነሻዋ እስያ የሆነው አኖፌለስ ስቴፈንሳይ በአፍሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2012 በዚሁ ከተማ ነው። ረግረግ አትመርጥም፤ የከተሜ በርሜልና የውሃ ታንከር ይበቃታል። በዚያ ዓመት 27 የወባ ሕሙማን የመዘገበችው ጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ2020 ከ73 ሺህ በላይ መዝግባለች። ትንኟ እ.ኤ.አ. በ2016 በኢትዮጵያ ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘች፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በድሬዳዋ የተነሣው የወባ ወረርሽኝም ከእርሷ ጋር ተያይዟል። ድንበሩ ጋላፊ ላይ ተራ መጠበቋን የሚያሳይ ሰነድ አልተገኘም።

የሚመለከታቸው አካላት እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 በአምቡሊ ሰፈር ዘረ መላቸው የተለወጠ ወንድ ትንኞች ተለቅቀዋል። የእነዚህ ወንዶች ተልእኮ ከዱር ሴቶች ጋር ተጋብተው የሚወለዱት ሴቶች ለአቅመ ሔዋን እንዳይደርሱ ማድረግ ነው። ሐሳቡ ትውልድ የሚጠይቅ ነው፤ ሹፌሩ ግን ዛሬ መተኛት አለበት። ስለዚህ አጎበሩን ከላይ ከበሩ ጠርዝ፣ ከጎን ከመያዣው ጋር አስሮ፣ በሩን ከፍቶ ይተኛል።

ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ሽንት ይቀሰቅሰዋል። እጁን ወደ መያዣው ይሰዳል፤ የሚጨብጠው አጎበር ነው። አጎበር ሲሠራ የተሰላለት የትንኝ ክብደት እንጂ የሹፌር ክብደት አይደለም። የአሜሪካው ደንብ ሦስት ነጥቦች በዚህ ቅጽበት ወደ አንድ ይጠቃለላሉ፤ እርሱም መሬት ነው። ሲነጋ ሁለት ነገር ይጠገናል፤ አጎበሩ በመርፌ፣ ቁርጭምጭሚቱ በወጌሻ።

5. ውይይት

የዶራሌ ኮንቴይነር ተርሚናል እ.ኤ.አ. በ2009፣ ሁለገቡ የዶራሌ ወደብ እ.ኤ.አ. በ2017 ተመርቀዋል። 750 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የኤሌክትሪክ ባቡር እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2016 አዲስ አበባ ላይ፣ በጥር 2017 ደግሞ ጅቡቲ ላይ፣ ሁለት ጊዜ ተመርቋል። መያዣ ሲመረቅ ግን አልታየም። ሪባን ጠፍቶ አይደለም፤ ከመነዳሪው አለ። የሚጠፋው መራቂ ነው። መኪናውን የነደፈው መሐንዲስ የሚወርደውን ሰው የተኛ፣ የጠገበ፣ ጫማው የታሰረና እጁ ባዶ አድርጎ ገምቶታል። ፒኬ 12 ላይ የሚወርደው ሰው ግን 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድቶ፣ በነጠላ ጫማ፣ በአንድ እጁ ፔርሙዝ፣ በሌላው የጭነት ሰነድ ይዞ ነው። በንድፉና በሰውየው መካከል የቀረውን ክፍተት የሚሞላው በያጁ ነው፤ ሒሳቡንም የሚከፍለው ሹፌሩ ነው።

ጥናቱ ከመኪና ማቆሚያው መውጣት አልፈለገም፤ ግኝቱ ግን ጎትቶ አውጥቶታል። የመያዣው ድንጋጌ ከጋቢና በላይም ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1998 ከኤርትራ ጋር በተነሣው ጦርነት የአሰብ መንገድ ከተዘጋ ወዲህ ኢትዮጵያ ነዳጇን፣ ማዳበሪያዋን፣ ስንዴዋንና ቡናዋን አንድ መያዣ ላይ ሰቅላ ትኖራለች። መያዣው አልተቃወመም፤ ኪራይ ይቀበላል። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ከሶማሌላንድ ጋር ስለ ሌላ መያዣ የመግባቢያ ሰነድ ተፈርሞ ነበር፤ ብየዳው ሳይጀመር ብልጭታው ሞቃዲሾ ደረሰ። አገር እንዲህ በምታደርግበት ዘመን አንድን ሹፌር «ሽንኩርትህን ከመያዣው አውርድ» ለማለት የሚያበቃ የሞራል መሠረት ጥናቱ አላገኘም።

6. የጥናቱ ውስንነት

በቀኝ በኩል ያለው በር አልተጠናም። በዚያ በኩል የሚወርደው ረዳቱ ነው፤ ረዳት ደግሞ አይወርድም፣ ይዘላል። በመዝለል ላይ ራሱን የቻለ ጥናት ያስፈልጋል።

7. ምክረ ሐሳብ

ሀ. እያንዳንዱ ጋቢና ለሽንኩርት ብቻ የሚውል ማንጠልጠያ ይኑረው። ማንጠልጠያው ከመያዣው ቀድሞ ይገጠም፤ ከኋላ የመጣ ማንጠልጠያ ሰሚ የለውም።

ለ. አጎበር ከመያዣ ጋር መታሰሩ ይቅር። ለአጎበሩ የራሱ ፍሬም፣ ለፍሬሙ በመሀል አግድም ዘንግ ይበጅለት፤ በእንቅልፍ ልብ የተሰደደ እጅ ከወንፊቱ በፊት ዘንጉን ያግኝ። ዘንጉ ላይ ካልሲ ማስጣት ክልክል መሆኑ በአማርኛ ይለጠፍ።

ሐ. የመያዣው ቁመት የሚለካው ከበያጁ ብብት ሳይሆን ከሹፌሩ ትከሻ ይሁን። ሹፌሩ የማይገኝ ከሆነ ይጠበቅ፤ ፒኬ 12 ላይ መጠበቅ እንግዳ ነገር አይደለም።

መ. ይህን ደረጃ የሚያጸድቅ ኮሚቴ ይቋቋም። አባላቱ ከመፈረማቸው በፊት እያንዳንዳቸው ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ፣ በነጠላ ጫማ፣ ቡና የሞላና ክዳኑ የላላ ፔርሙዝ ይዘው ከሲኖትራክ ጋቢና ይውረዱ። ቡናው ሳይፈስ መሬት የደረሰ በቃለ ጉባኤው ላይ ይፈርም፤ የቀረው አበሉን በወጌሻ በኩል ይቀበል።