ሊስትሮው የሚያውቀው ምሥጢር

ጉልበቴ ከደረጃ ጋር ከተጣላ ቆይቷል። ወረዳችን ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት አለው፤ በሩ ላይ «አይሠራም» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። በዚያ ሕንፃ ውስጥ በግልጽ የተነገረኝ መረጃ ያ ብቻ ነው።

የሄድኩበት ጉዳይ ቀላል ነበር። ሁለት ወጣቶች ሜትር ይዘው ሰፈራችን መጡ፣ ለኩ፣ አጥሬ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አድርገው ሊሄዱ ሲሉ «ምንድን ነው ልጆቼ?» አልኳቸው። «እኛ የታዘዝነውን ነው ፋዘር» አሉኝ። ፋዘር! አባት የሚለው ቃል ከአገር ጠፍቶ ነው? የኮሪደር ልማት አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ አጥሩ ላይ ቀይ ቀለም ያየ ሰው እንቅልፍ በዐይኑ አይዞርም። መንገዱን ጠልቼ አይደለም። እንዲያውም አመሻሽ ላይ አዲሱ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ መንገደኛውን መታዘብ ለምጃለሁ። የጠየቅኩት ሁለት ነገር ነው፦ የሚነካው አጥሬ ነው ወይስ ቤቴ? መቼስ ነው?

መስኮት ቁጥር 4 ላይ ያለችው ልጅ ጨዋ ናት። «ሲስተም የለም አባባ» አለችኝ። ሲስተሙ ሲመጣስ? «ሲመጣም ይሄ የውስጥ ጉዳይ ነው፤ ኃላፊው ናቸው የሚያውቁት።» ኃላፊውስ? «ስብሰባ ላይ ናቸው።» የምን ስብሰባ እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ ምሥጢር በምሥጢር ላይ ሲደራረብ ለደም ግፊቴ ጥሩ አይደለም። ከጀርባዋ የዜጎች ቻርተር ተሰቅሏል፤ ግልጽነት፣ ተጠያቂነት፣ ቅን አገልጋይነት። በመስታወት ተሸፍኗል። ሰው እንዳይነካው ይመስለኛል።

ወርጄ በሩ ላይ ጫማዬን ላስጠርግ ቁጭ አልኩ። ሊስትሮው ብሩሹን እንኳ ሳያነሳ «የእናንተ ሰፈር ነው አይደል አባባ? አይዞዎት፣ አጥሩ ብቻ ነው፤ ሦስት ሜትር። ከፋሲካ በኋላ ነው» አለኝ። ከየት ሰማህ ብለው «የሹፌሩን ጫማ የምጠርገው እኔ ነኝ» አለ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ይህ ምሥጢር ከማን ነው የተደበቀው? ከሊስትሮው አይደለም፤ ከሹፌሩ አይደለም፤ ከደላላው እንኳ አይደለም፤ ደላላው ወሬውን ይዞ መንደሩን ከዞረ ሰንብቷል። የተደበቀው ከባለ አጥሩ ነው።

ለባለቤቴ ይህን ስነግራት ሳቀችብኝ። «አንተ ደሞ! የፋሲካውን በግ በስንት ገዛሁ አልክ ለጎረቤት?» አለችኝ። ዝም አልኩ፤ እውነቷን ነው። ሁለት ሺህ ብር ቀንሼ ነው የነገርኳቸው፤ ተበላ እንዳይሉኝ። እነሱም በተራቸው ቀንሰው ነገሩኝ። አገሩ ሁሉ በውሸት ዋጋ በግ ይገዛል። እርጉዝ ሴት ሆዷን በነጠላ ትሸፍናለች። ቪዛ ያገኘ ጎረምሳ ሻንጣው ኤርፖርት እስኪገባ ለአክስቱ አይነግርም፤ ዐይን ይበላዋላ! የማዶ ቤት ልጅ ዱባይ መግባቷን የሰማነው እናቷ አዲስ ፍሪጅ ያስገቡ ቀን ነው። እኔም ብሆን ሞራዬን ስገፈፍ ዋሽንግተን ላለችው ልጄ «ደህና ነኝ» እያልኩ አንድ ዐይኔን ታሽጌ አወራኋት። እሷም ለካ ከሥራ ተቀንሳ ነበር፤ «ደህና ነኝ» ትለኛለች። ሁለት ደህናዎች በስልክ እንዲህ ስንዋሻሽ ከረምን።

ስለዚህ መንግሥት ይህን ጠባይ ከውጭ አላስመጣውም፤ ከእኛው ጓዳ ነው የወሰደው። የወሰደው ግን ግማሹን ነው፤ ቂሜም በዚህ ላይ ነው።

መርዶን እዩት። ዘመድ ሰው ሲሞትበት ወዲያው አይነገረውም። ይደበቃል፣ «ትንሽ አሟቸዋል» ይባላል። ግን ቀን ይቆረጥለታል። ሽማግሌ ይመረጣል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ጎሕ ሳይቀድ በሩ ይንኳኳል። ሲነገረው ከግራና ከቀኝ የሚይዘው ሰው አለ፤ ቡናውን የሚያፈላ፣ ድንኳኑን የሚተክል አለ። የእኛ ምሥጢር ማለቂያ ቀን አለው፤ ሲያልቅም ደጋፊ ክንድ አለው።

የቤተ መንግሥቱ መርዶ ግን ሽማግሌ የለውም። አፄ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ሲያርፉ ሞታቸው ተደበቀ፤ ሕዝቡ በሹክሹክታ አለቀሰላቸው። አፄ ኃይለ ሥላሴ ነሐሴ 21 ቀን 1967 ሞቱ፤ በሕመም ነው ተባለ፤ የት እንደተቀበሩ ግን ያወቀ አልነበረም። አፅማቸው የወጣው ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ ከዚያው ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ነው። በሥርዓት ሥላሴ ካቴድራል ያረፉት ጥቅምት 26 ቀን 1993 ነው፤ ሃያ አምስት ዓመት የፈጀ መርዶ! በ2004 ክረምትም የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር «እረፍት ላይ ናቸው» ሲባል ሰንብቶ፣ ነሐሴ 15 ቀን ጠዋት ሞታቸውን በቴሌቪዥን ተረዳን። ያኔ አጠገቤ የነበረው ሪሞቱ ብቻ ነበር።

አሁን ደግሞ ዕድራችንን ተመልከቱ። የዕድር ሞት በጡሩምባ ነው የሚነገረው። ሒሳቡም እንደዚያው ነው። ጸሐፊው በየወሩ ቆሞ ያነባል፦ የድንኳን ማጠቢያ ይህን ያህል፣ የሰሌን ይህን ያህል፣ ሁለት ብርጭቆ ተሰብሯል። ባለፈው ወር ስለ ሁለቱ ብርጭቆ አርባ ደቂቃ ተከራከርን፤ ማን ሰበራቸው፣ በየትኛው ለቅሶ። እኔ ራሴ ሦስት ጊዜ እጄን አወጣሁ። ሰብሳቢው ሰለቸኝ አላለም፤ የውስጥ ጉዳይ ነውም አላለም። ብርጭቆው የእኛ ነዋ! ከወረዳው ካዝና የዕድራችን የብርጭቆ ሣጥን ይበልጥ ግልጽ ነው ብል ማንም የሚሞግተኝ አይመስለኝም።

ሕግ የለም እንዳትሉ፤ ሕግስ ሞልቷል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ላይ የመንግሥት አሠራር ግልጽ ይሁን ይላል። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ መረጃ የጠየቀ ሰው በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲያገኝ፣ ከተከለከለም ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲነገረው ያዛል። ይህን የነገረኝ ሕግ የሚማር የእህቴ የልጅ ልጅ ነው። ካልመለሱልህ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ አለኝ። ስሙ ደስ ይላል፤ ግን በሦስት ሜትር አጥር አልቅሼ ብሄድ ምን ይሉኛል?

የሆነው ሆኖ ልጁ ማመልከቻ ጻፈልኝ፣ አንቀጹን ከነቁጥሩ ጠቅሶ። ደረጃውን አራት ጊዜ እያረፍኩ ወጣሁና አስገባሁ። መስኮት 4 ያለችው ልጅ ማኅተም መታችበት፣ ፋይሉ ውስጥ ከተተችው። የመዝገቡን ቁጥር ጻፊልኝ ስላት ኮምፒውተሯን አየች፣ እኔን አየች፣ ከልቧ አዘነችልኝ።

«እሱ የውስጥ ቁጥር ነው አባባ» አለችኝ።

ሐሙስ ጫማዬን ላስጠርግ እሄዳለሁ።