ለአንተ ቀን፣ ለመጪው ጨለማ

«ሞተሬ ላይ አዲስ ፓውዛ አስገጠምኩ፤ ሌሊቱን ቀን አደረግሁት!» ትላለህ።

ለአንተ ቀን፣ ለመጪው ጨለማ! አዲስ አበባ ውስጥ በባልቻ ሆስፒታል በኩል ወደ ልደታ ስትመጣ ከፊት የመጣብህ የሚኒባስ ሹፌር ዓይኑን በክንዱ ከልሎ ነው ያለፈህ። አንተ አስፋልቱን አየኸው፤ እሱ ግን አንተንም አላየህ፣ ከጎንህ የሚሻገረውንም እግረኛ አላየ። ሌሊት ሞተር የሚነዳ ሰው ከማየት እኩል መታየት ያስፈልገዋል። ዓይን ያጠፋህበት ሹፌር እንዴት አድርጎ ይይህ?

«ስንት ዋት ነው?» ብለህ ትጠይቃለህ፤ ሻጩ «መቶ!» ይልሃል፤ አንተም ሳትመረምር ትከፍላለህ። መቶ ዋት በ12 ቮልት ባትሪ ከ8 አምፔር በላይ ይስባል። «እስቲ አምፔር መለኪያ አምጣና እንየው» በለው። መለኪያው 1 አምፔር ካሳየህ የገዛኸው 12 ዋት ነው፤ 88ቱ ካርቶኑ ላይ ቀርቷል። ደግሞስ እውነተኛ መቶ ዋት መዳፍ በምታክል ኤልኢዲ ውስጥ ቢገባ ሙቀቱ በየት ይወጣል? መብራቷን አገላብጠህ ጀርባዋን እይ። ወፍራም፣ ክንፍ ክንፍ ያለው የአሉሚኒየም ማቀዝቀዣ ከሌላት ዕድሜ የላትም። መስታወቷ ላይ በክብ ውስጥ ያለ «E» የሚል ፊደልና ከጎኑ ቁጥር ካለም አስተውል፤ በተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ደንብ ተፈትኖ ያለፈ መብራት ምልክት ነው። ፎርጅዱም ምልክቱን ሊለጥፍ ይችላልና እሱን ብቻ አይተህ አትመን፤ አብርተህ ግድግዳ ላይ እየው።

«ሩቅ የሚወረውር ስጠኝ!»

ወዴት ነው ሩቁ? ከሜክሲኮ እስከ ልደታ ሩቅ የለም፤ ያለው ቅርብ ነው። የከተማው ቀላል ባቡር ሥራ ከጀመረበት ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ በዚህ መስመር ከራሳችን በላይ ድልድይ፣ ከጎናችን ደግሞ ወፋፍራም የኮንክሪት ምሰሶ አለ። ሁለቱ የባቡር መስመሮች አንድ ሐዲድ ተጋርተው መጥተው የሚለያዩት ልደታን አልፈው ነው፤ እስከዚያ ያለው መንገድ በምሰሶ ጥላ የተሞላ ነው። ማታ ከምሰሶው ጀርባ ድንገት የሚወጣ ሰው ከጎን ነው የሚመጣብህ። ቀጭን ሆኖ ሩቅ የሚወረውር መብራት የፊተኛውን ሕንፃ ግድግዳ ያሳይሃል፤ ምሰሶው ሥር የቆመችውን እናት አያሳይህም። ለእኛ ሰፈር የሚሆነው ወደ ጎን ሰፋ ብሎ የሚዘረጋ፣ ከላይ ደግሞ ቀጥ ባለ መስመር የሚቆረጥ ብርሃን ነው። ሩቅ የሚወረውረው ቦታው ሌላ ነው፤ ጦር ኃይሎችንና አየር ጤናን አልፈህ፣ ሰበታን ለቀህ በጅማ መንገድ ስትገሰግስ ይጠቅምሃል። እዚያም ቢሆን ከፊትህ መኪና ሲመጣ ይጠፋል። ከሜክሲኮ በሳር ቤት በሚሄደው የኮሪደር መንገድ ላይ ደግሞ የመንገዱ መብራት ይበቃሃል፤ ተጨማሪውን እዚያ አጥፋው፣ ወደ ውስጥ ለውስጡ ስትታጠፍ አብራው።

«መብራቴ ጠንካራ ነው፣ እፈጥናለሁ!»

መብራትህ ጠነከረ እንጂ ፍሬንህ አልጠነከረም! በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስትነዳ በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ያህል ትሄዳለህ። አይተህ ፍሬን እስክትይዝ አንድ ሰከንድ ቢያልፍ፣ ከያዝክ በኋላ በደረቅ አስፋልት ላይ ለመቆም 20 ሜትር ያህል ይጨመርበታል። በርጥብ መንገድ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። አጭር መብራት በደንብ የሚያሳይህ ወደ 40 ሜትር ግድም ነው። ሒሳቡ ልክ ልኩን ነው የሚገጥመው፣ ትርፍ የለውም። ብርሃኑን እጥፍ ርቀት ላክህ ማለት ደግሞ ያው ብርሃን አራት እጥፍ በሆነ ስፋት ላይ ተበትኖ ሩብ ሆኖ ደረሰ ማለት ነው። ዋት በመጨመር ብቻ ርቀትን መግዛት ከባድ የሚሆነው ለዚህ ነው።

«ነጭ፣ በረዶ የመሰለውን ስጠኝ፤ ያምራል!»

ሱቅ ውስጥ ያምራል፤ ሐምሌ ውስጥ ያማርራል! 6000 ኬልቪን ተብሎ የሚሸጠው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ የተቃራኒውን ዓይን ይበልጥ ይወጋል። 4300 ወይም ከዚያ ዝቅ ያለው፣ ሞቅ ያለ ቀለም ያለው ብርሃን ለሁለታችሁም ይሻላል። በዝናብ ጊዜ ከዓይንህ አጠገብ የተተከለ መብራት ጠብታው ላይ ተንጸባርቆ ወደ ራስህ ፊት ይመለሳል። ስለዚህ ዝቅ አድርገህ ትከለው፤ መሪው ላይ ሳይሆን ከሹካው ግራና ቀኝ ወይም የሞተሩ መከላከያ ብረት ላይ። ዝቅ ያለ መብራት የጉድጓዱን ጥላ ያስረዝመዋል፣ ቀድመህ ታየዋለህ። ሌላም ጥቅም አለው፤ ከላይ አንድ፣ ከታች ሁለት ሆነው ሦስት ማዕዘን ሲሠሩ ከፊት የሚመጣው ሹፌር ርቀትህንና ፍጥነትህን መገመት ይቀለዋል። ብቻዋን የምትመጣ አንዲት መብራት ሩቅ ትሁን ቅርብ ለሰው ዓይን አታስታውቅም፤ ሞተረኛ መስቀለኛ መንገድ ላይ ከሚገጭበት ምክንያት አንዱ ይህ ነው።

«ውኃ አያስገባም፣ አይፒ 67 ነው» ቢልህ እውነቱን ሊሆን ይችላል። 6ቱ አቧራ አይገባውም፣ 7ቱ አንድ ሜትር ውኃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይችላል ማለት ነው። የላቫጆውን ጎማ ይችላል አላለም! በኃይል የሚረጨው ውኃ ሌላ ፈተና ነውና ስታሳጥብ ቀጥታ መብራቱ ላይ አታስደግን።

«ከዋናው ገመድ ላይ ቀጥልልኝ፣ ቶሎ ልሂድ!»

ቶሎማ ትሄዳለህ፤ ያለ መብራት! ቀጭኑ የፋብሪካ ገመድ ጭነት ሲበዛበት ይግላል፣ ማብሪያ ማጥፊያው ይቃጠላል፣ ተጨማሪው ዋናውንም ይዞት ይጠፋል። ሁለት ባለ 20 ዋት መብራት 3.3 አምፔር ያህል ይስባል። ከባትሪው የራሱ ገመድ፣ ባለ 5 አምፔር ፊውዝ፣ ሪሌና ለብቻው ማብሪያ ማጥፊያ ይበቃዋል። ማብሪያው ለብቻው መሆኑ ሌላም ምክንያት አለው፤ ትንሽ ሞተር መጨናነቅ ውስጥ ቆሞ ሲያንጎራጉር የሚያመነጨው ኃይል አነስተኛ ነው፣ መብራቱ ባትሪውን ይበላዋል። ኤሌክትሪሺያኑ «ሪሌ አያስፈልግም» ካለህ ሌላ ኤሌክትሪሺያን ፈልግ።

«ሲኖትራኩ ረጅም መብራት ስላበራብኝ እኔም አበራሁበት!»

ጎበዝ፤ አሁን ሁለታችሁም አታዩም! እሱ በብረት ተከቧል፣ አንተ በጃኬት። የበራብህ ጊዜ ፍጥነትህን ቀንስ፣ ዓይንህን ወደ መንገዱ ቀኝ ጠርዝ አውርድ፣ አሳልፈው። ቀይና ሰማያዊ ብልጭታ ያስገጠምከው ወንድሜ ደግሞ አውልቀው። የፖሊስና የአምቡላንስ ምልክት ነው፤ ሕዝቡ ለእነሱ መንገድ መልቀቁን እንዲተው አታስለምደው።

ይህን ሁሉ የምለው ሞተረኛው ጥፋተኛ ነው ብዬ አይደለም። በሰኔ 2011 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በሞተር የሚፈጸመውን ወንጀል ጠቅሶ ሞተር ሳይክልን ሲገድብ ዳቦው ከሞተሩ ጋር የታሰረበት ብዙ ልጅ አብሮ ተጎድቷል። ዛሬ ፈቃድ ይዞ የሰው ምግብና ዕቃ የሚያደርሰው ልጅ በየመስቀለኛው በጥርጣሬ ነው የሚታየው። ምሽት ላይ ዓይን የሚያጠፋ ፓውዛ ይዘን በወጣን ቁጥር ያንን ጥርጣሬ እንመግበዋለን።

ስለዚህ ብሩን ከማውጣትህ በፊት የዋናውን መብራት መስታወት እጠበው፤ ከደበዘዘ ቀይረው። ምናልባት ተጨማሪ አያስፈልግህም። ካስፈለገህና ከገዛህ፣ ዛሬ ማታ ሜዳ መሬት ላይ ከግድግዳ 10 ሜትር ርቀህ አቁምና ተቀመጥበት። ሁልጊዜ ሰው ወይም ዕቃ የምትጭን ከሆነ ጭነቱም ይኑር፤ ኋላው ሲወርድ ብርሃኑ ሽቅብ ይነሳልና። ከመሬት እስከ መብራቱ መሐል ያለውን ቁመት ለካ፤ ግድግዳው ላይ የብርሃኑ የላይ ጠርዝ ከዚያ ቁመት ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። ከፍ ካለ ቡሎኑን ፈትተህ አውርደው፣ ጥብቅ አድርገህ እሰረው፤ ከዚያ ውጣ።